ከተበላሸ ድምፅ በላይ የቆመ ልሳን፤ የናሙዎንጎ ቪዲዮ ቤቶች ታሪክ

የተንቀሳቃሽ ሥዕልን ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የጻፉት የዓይንን ታሪክ ነው፤ ማን ምን ፊልም እንደ ሠራ፣ የትኛው አዳራሽ በየትኛው ዘመን እንደ ተከፈተ፣ በመጋረጃው ላይ የሚታየው ሥዕል ከጥቁርና ነጭ ወደ ኅብረ ቀለም እንዴት እንደ ተሻገረ በዝርዝር ሲነግሩን፣ በዚያው መጋረጃ ፊት የተቀመጠው ሕዝብ ጆሮ ምን እንደ ደረሰው ግን በጥቂት መስመር አልፈውት ይሄዳሉ። ይሁን እንጂ በድሀ ሰፈር፣ ከቆርቆሮ ጣራ በታች፣ ከቅጂ በተቀዳ ካሴት ፊልም ያየ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ ሥዕል ቢደበዝዝም ታሪኩን ይዞ ይቆያል፤ ድምፅ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሁሉ ይጠፋል። በካምፓላ ከተማ ናሙዎንጎ በሚባለው ሰፈርና በመሰሎቹ መንደሮች ለዚህ ሕመም የተገኘው መድኃኒት ከፋብሪካ የመጣ አልነበረም፤ ማይክ ጨብጦ ከፊልሙ በላይ የሚናገር አንድ ሰው ነበር። የዚህን ሰው ሞያ ታሪክ የመረመረ ሰው፣ ዛሬ በየሳሎኑ ውድ ዕቃ ገዝተው የድምፅ ጉድለት የሚያስቸግራቸው ሰዎች የሚጠይቁትን ጥያቄ ድሆች አስቀድመው ጠይቀውት እንደ ነበረ ያስተውላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ናሙዎንጎ ከካምፓላ መካከል በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በማኪንዲዬ ክፍለ ከተማ የሚገኝ፣ ከኢንዱስትሪው አካባቢ ጀምሮ እስከ ናኪቩቦ የውሃ መውረጃ ቦይና ረግረግ ድረስ የተዘረጋ ሰፈር ነው። ሐዲዱ በመካከሉ ያልፋል፤ ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር መንገድ በጂንጃ አጠገብ ዓባይን ተሻግሮ ካምፓላ የገባው በ1931 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በሐዲዱ ግራና ቀኝ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ሸክም ተሸካሚዎች፣ ቸርቻሪዎች፣ በኋላም ከሰሜን ኡጋንዳ ጦርነት ሸሽተው የመጡ ቤተ ሰቦች ጎጆአቸውን እየቀለሱ ሰፈሩበት። ከበላዩ ባለው በሙዬንጋ ኮረብታ የባለጸጎችና የውጭ አገር ሰዎች ቪላዎች በአጥር ተከብበው ሲታዩ፣ ከታች የሚኖረው ሕዝብ ሉጋንዳ፣ አቾሊ፣ ስዋሂሊና ሌላም ብዙ ልሳን እየተናገረ በአንድ ጠባብ መንገድ ይተላለፋል። እንዲህ ያለ የልሳን ድብልቅ ባለበት ቦታ አንድ የእንግሊዝኛ ወይም የካንቶንኛ ፊልም ቢታይ፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ቢሰማም እንኳ ለአብዛኛው ተመልካች ገና ያልተፈታ መጽሐፍ ነው።

ፊልምን ለሕዝብ ጆሮ የማድረስ ችግር በምሥራቅ አፍሪካ ከቪዲዮ ዘመን በፊት ረጅም ዕድሜ አለው። ከ1935 እስከ 1937 ድረስ በታንጋኒካ ኡሳምባራ ተራሮች ውስጥ በቩጊሪ የተቀመጠ አንድ የእንግሊዞች ቡድን፣ በአሜሪካ የካርኔጊ ድርጅት ገንዘብ እየተረዳ፣ ለአፍሪካውያን ትምህርት ይሰጣሉ የተባሉ ሠላሳ አምስት ያህል አጫጭር ፊልሞች አዘጋጅቶ፣ ኡጋንዳን ጨምሮ በአካባቢው አገሮች በጭነት መኪና እየዞረ አሳይቶ ነበር። ድምፁ ከፊልሙ ጋር በአንድ ጥቅል ላይ የታተመ ሳይሆን ለብቻው በሸክላ የተቀረጸ ነበር፤ በዚህም ብልሃት አንዱን ፊልም በየአገሩ ቋንቋ፣ ሉጋንዳን ጨምሮ፣ ለማሰማት ሌላ ሸክላ መለወጥ ብቻ ይበቃ ነበር። ዳሩ ግን ሥዕልና ድምፅ በሁለት መሣሪያ ተለያይተው በሚሄዱበት ሥርዓት ውስጥ መርፌው አንድ ጊዜ ከመስመሩ ዘሎ እንደ ሆነ፣ ወይም ፊልሙ ተበጥሶ ጥቂት ሥዕሎች ተቆርጠው እንደ ተጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ያለ ቦታው ይሰማል። በአሜሪካ ከ1927 በኋላ በዚሁ የሸክላ ዘዴ የሠሩት የሲኒማ ቤት ሠራተኞች መድኃኒቱን ያውቁት ነበር፤ ከተቆረጠው ሥዕል ጋር በቁጥር የሚተካከል ባዶ ጥቁር ፊልም በመካከሉ ይቀጥሉበታል፤ ተመልካቹም ለቅጽበት ጨለማ ያያል እንጂ የአንዱን ተናጋሪ ቃል ከሌላው አፍ አይሰማም። የድምፅን ጉድለት በመፈለግ ታሪክ ውስጥ ይህ ሥዕልን ለድምፅ ሲሉ የመሠዋት ብልሃት ከጥንታውያኑ አንዱ ነው።

በ1939 የእንግሊዝ መንግሥት የቅኝ ግዛት ፊልም ክፍልን ባቋቋመ ጊዜ ሸክላውም ቀረና ነገሩ ወደ ሰው ተመለሰ። የሲኒማ መኪናው ጀንበር ስትጠልቅ ወደ መንደር ይገባል፤ መጋረጃው ይዘረጋል፤ ድምፅ የሌለው ፊልም ሲዞር፣ ከመኪናው አጠገብ የቆመ የአገሩ ተወላጅ በድምፅ ማጉያ በሕዝቡ ቋንቋ ያብራራል። የክፍሉ መሪ ዊሊያም ሴለርስ አፍሪካዊ ተመልካች ፈጣን የሥዕል ቅንብር መከተል አይችልምና ፊልሙ ዝግ ያለ፣ ከአንድ ነገር ወደ ሌላው ቶሎ የማይዘል መሆን አለበት ብሎ ያምን ነበር፤ ይህን እምነት ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ የናሙዎንጎ ልጆች የሆንግ ኮንግን የኩንግ ፉ ፊልም፣ በሴኮንድ ውስጥ ሦስት ጊዜ የሚገለባበጠውን ጠብ፣ ያለ አንዳች ድካም ሲከተሉ ታሪክ ራሱ አፈረሰው። ከሴለርስ ትምህርት ተርፎ የቀረው ሊቁ ራሱ ብዙም ክብር ያልሰጠው ነገር ነው፤ ይኸውም ከመጋረጃው ጎን ቆሞ፣ ሕዝቡ ሲስቅ እየጠበቀ፣ ሕዝቡ ግራ ሲጋባ እየደገመ የሚናገረው ተርጓሚ ነው።

በከተማው መካከል የነበሩት ታላላቅ ሲኒማ ቤቶች ግን ሌላ ዓለም ነበሩ። አብዛኞቹ የእስያ ተወላጆች በሆኑ ነጋዴዎች እጅ ስለ ነበሩ፣ ኢዲ አሚን በ1972 እስያውያንን በዘጠና ቀን ውስጥ ከአገር እንዲወጡ ባዘዘ ጊዜ የፊልም አስመጪዎቹም፣ የመሣሪያ ጠጋኞቹም፣ የመለዋወጫ ዕቃ መንገዱም አብረው ሄዱ። ከዚያ በኋላ የመጣው የጦርነትና የድህነት ዘመን ያን ሥራ እንዲያገግም አልፈቀደለትም፤ በጊዜው ከታወቁት አዳራሾች አንዱ የነበረው ኖርማን ሲኒማም ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በ1986 የካምፓላ መንግሥት ተለውጦ ሰዎች በማታ መውጣት ሲደፍሩና ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሲበዛ፣ በትልቁ ሲኒማ ፈንታ ትንሿ ካሴት ከተማይቱን ወረሰች። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር ያለው ሰው ግድግዳውን በእንጨት ልጣጭና በጆንያ ሸፍኖ፣ ጣራውን በቆርቆሮ ከድኖ፣ በጥቂት ሽልንግ ሕዝብ የሚያስገባበት ቤት ይከፍት ጀመር። ካምፓላዎች ይህን ቤት ኪባንዳ ይሉታል፤ የእኛ አገር ሰው ቪዲዮ ቤት ብሎ የሚያውቀው ዓይነት ነው።

አሁን ወደ ካሴቱ ውስጥ እንግባ፤ የነገሩ ሥር የሚገኘው እዚያ ነውና። በ1976 በጃፓን የወጣው የቪኤችኤስ ካሴት ሥዕሉን የሚጽፈው በፍጥነት በሚሽከረከር ራስ ነው፤ ድምፁን ግን በመጀመሪያው አሠራሩ ከቴፑ ዳር ላይ ባለች፣ ስፋቷ አንድ ሚሊ ሜትር በምትሆን ጠባብ መስመር ላይ በማይንቀሳቀስ ሌላ ራስ ይጽፈዋል። ቴፑም በኡጋንዳ በተለመደው የፓል ዓይነት በሴኮንድ የሚጓዘው ሁለት ሴንቲ ሜትር ከሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ከተራው የሙዚቃ ካሴት ፍጥነት ግማሹን እንኳ አይሞላም። ቴፕ ዝግ ባለ መጠን ቀጭኑና ሹሉ ድምፅ ይጎድላል። በዚህ ላይ ካሴቱ ከካሴት፣ ያም ከሌላ ካሴት የተቀዳ እንደ ሆነ በእያንዳንዱ ቅጂ የሽውታው ድምፅ ይጨምራል፤ የሚሰማው ነገር ይቀንሳል፤ የዴኩም ራስ በቴፑ ብናኝ ከቆሸሸ ተናጋሪው ሁሉ አፉን በብርድ ልብስ የሸፈነ ይመስላል።

ከሰው ንግግር ውስጥ አስቀድሞ የሚሞተው ደግሞ ለማስተዋል እጅግ የሚያስፈልገው ክፍል ነው። አናባቢዎቹ ወፍራምና ብርቱ ስለ ሆኑ ከብዙ ቅጂ በኋላም ይተርፋሉ፤ ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ት የመሳሰሉት ተነባቢዎች ግን ኃይላቸው በቀጭኑ የድምፅ ደረጃ ላይ ስለ ሆነ ሽውታው ይውጣቸዋል። ከዚህም የተነሣ ተመልካቹ አንድ ሰው መናገሩን፣ መቆጣቱን፣ መለመኑን ይሰማል፤ ምን እንዳለ ግን አይለይም። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የተማረውም ወጣት ከጎኑ ከተቀመጠው ካልተማረው አባቱ ብዙ አይሻልም ነበር። እንግዲህ የኪባንዳው ተርጓሚ ሁለት ዕዳ በአንድ ጊዜ ይከፍል ነበር ማለት ነው፤ አንደኛው የቋንቋ ዕዳ፣ ሁለተኛው የመሣሪያ ዕዳ። የሞያውን መስፋፋት ያየ ሰው ቋንቋውን ብቻ ምክንያት አድርጎ ቢያቀርብ ግማሹን እውነት ይተዋል፤ ምክንያቱም ጥርት ያለ ድምፅ ባለበት ቦታ ሰው ከሚያውቀው ጥቂት ቃልና ከሥዕሉ ተነሥቶ ራሱ ሊገምት ይችላል፤ ድምፁ በጠፋበት ቦታ ግን የሚገመትበት ነገር ራሱ አይገኝም።

ይህን ሰው ኡጋንዳውያን ቪጄ ይሉታል፤ ሲተነተንም ቪዲዮ ጆከር ማለት ነው፤ ቪጄ ጂንጎ፣ ቪጄ ጁኒየርና ቪጄ ኤሚ የተባሉትም በአገሩ ሁሉ ስማቸው የሚጠራ ናቸው። ቪጄው ፊልሙን አስቀድሞ ያየዋል፤ ከዚያም በቴሌቪዥኑ ጎን ወይም ከኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ በአንድ እጁ ማይኩን በሌላው የሚክሰሩን ቁልፍ ይዞ፣ ተዋናዩ ሲናገር የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አድርጎ በሉጋንዳ ይናገራል፤ ጥይት ሲተኮስና ሙዚቃ ሲነሣ ደግሞ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። የአማርኛ አንባቢ ይህን ሲሰማ በቤተ ክርስቲያናችን የትርጓሜ መጻሕፍት ጉባኤ ያለውን ሥርዓት ማስታወሱ አይቀርም፤ በዚያም መምህሩ ንባቡን በግእዝ ያሰማና ፍቺውን በአማርኛ ያስከትላል፤ አንድ ፍቺ አልበቃ ሲለውም አንድም እያለ ሌላውን ይጨምራል፤ ምሥጢሩ እንዲገባም ከአገሩ ኑሮ ታሪክና ምሳሌ ያመጣል። የቪጄው አንድምታ ከቅዱሱ ጉባኤ በክብር የራቀ ቢሆንም በሥራው ይቀርበዋል፤ የሎስ አንጀለሱን ወንበዴ በሰፈሩ ስም ይጠራዋል፤ የኒው ዮርኩን መንገድ ካምፓላ ውስጥ ባለ መንገድ ይተረጉመዋል፤ ያልተጻፈ ቀልድም ያስገባበታል። ልዩነቱ በጉባኤው ንባቡ ሳይነካ ቀድሞ መሰማቱ፣ በኪባንዳው ግን ትርጓሜው በንባቡ ላይ ተጭኖ መሄዱ ነው።

ማይክ በገባበት ቤት ደግሞ አዲስ ጠላት ገባ። ማይኩ የገዛ ስፒከሩን ድምፅ መልሶ ሲሰማ፣ ያም ድምፅ በአምፕሊፋየሩ ገብቶ ሲወጣና እንደገና ወደ ማይኩ ሲመለስ፣ ዴንማርካዊው የፊዚክስ ሊቅ ላርሰን በመረመረው ሕግ መሠረት ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይነሣል። ከፋፍሎ ለማስቀመጥ ስፍራ በሌለበት፣ ጣራው ዝቅተኛ በሆነበትና ቆርቆሮው ድምፅን እንደ ተቀበለ በሚመልስበት ቤት ይህ ፉጨት የዘወትር እንግዳ ነው። ቪጄዎቹ ያገኙት መፍትሔ ዛሬ ማንኛውም መሐንዲስ ከሚሰጠው ምክር የሚለይ አይደለም፤ ስፒከሮቹን ከማይኩ ፊት ወደ ሕዝቡ ማዞር፣ ማይኩን ከከንፈር ማስጠጋትና ቁልፉን በዚያው ልክ ዝቅ ማድረግ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያፏጨውን ቀጭን ድምፅ በትሬብሉ መቀነስ። ቤቱ ባዶ ሳለ በልክ የተስተካከለው ድምፅ ሰው ሲሞላ ደንቆሮ ይሆናል፤ የሰው ገላና ልብስ ድምፅን ይውጣልና። ስለዚህም ብልሁ ሠራተኛ ከፊልሙ በፊት ያስተካከለውን ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ይነካካዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ እንዲሁም በጥቅምትና በኅዳር የሚወርደው የካምፓላ ዝናብ ግን ከማናቸውም አምፕሊፋየር ይበረታል፤ ዶፉ ቆርቆሮውን ሲመታ የፊልሙ ድምፅ ሁሉ ይሰጥምና የቪጄው ጩኸት ብቻውን ይቀራል። በናሙዎንጎ የጭነቱም ባቡር በሐዲዱ ሲያልፍ እንዲሁ ነው፤ ባቡሩ እስኪያልፍ የተነገረውን ቪጄው በአጭሩ ደግሞ ያሰማል፤ ይህን ማድረግ የሚችል ስፒከር እስካሁን አልተሠራም።

የኪባንዳው ሰው ጉድለትን የሚፈልግበት ሥርዓት ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። የመለኪያ መሣሪያ የለውም፤ ያለው ጆሮና የመለዋወጥ ብልሃት ነው። ከግራው ስፒከር ድምፅ ጠፋ እንበል፤ በአምፕሊፋየሩ ጀርባ የገቡትን ከዴኩ የሚመጡ ቀዩንና ነጩን ጃክ ቦታ ያለዋውጣቸዋል፤ ዝምታው ወደ ቀኙ ከዞረ በደሉ ከዴኩ ወይም ከሽቦው ነው፤ በግራው ከቀረ አምፕሊፋየሩ ወይም ስፒከሩ ታሟል። ቀጥሎም የስፒከሮቹን ሽቦ በአምፕሊፋየሩ ላይ ያለዋውጣል፤ እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ እስከ በደለኛው ይደርሳል። ሁለቱም ስፒከሮች እየጮኹ ወፍራሙ ድምፅ ጠፍቶ የሰው ንግግር ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ሲሆን ደግሞ፣ የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ሽቦ ተገላብጦ መታሰሩን ያውቃል፤ አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ እየሳበ አንዱ የአንዱን ሥራ ያጠፋልና። ባለቤቱ ቤቱን ለማድመቅ ሲል ሦስተኛና አራተኛ ስፒከር ጎን ለጎን በጨመረበትና አምፕሊፋየሩ ግሎ በሚጠፋበት ጊዜም ምክንያቱን ከልምድ ያውቀዋል፤ ስምንት ኦም የሆኑ ሁለት ስፒከሮች በአንድ መውጫ ላይ ጎን ለጎን ሲታሰሩ አራት ኦም ይሆናሉ፤ አራት ሲሆኑ ሁለት ይሆናሉ፤ በዚህም መጠን መሣሪያው ከዐቅሙ በላይ ኤሌክትሪክ ይጠየቃል።

ኤሌክትሪኩም የራሱ ታሪክ አለው። በጂንጃ ያለው የኦወን ፏፏቴ ግድብ በ1954 ከተመረቀ ጀምሮ ካምፓላ ብርሃኗን የምታገኘው ከዓባይ ነው፤ በየመንደሩ ግን ሽቦው ከቤት ወደ ቤት እየተቀጠለ ስለሚሄድ የመሬት ሽቦ የሚባለው ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ቢገኝም ቴሌቪዥኑ ከአንዱ፣ አምፕሊፋየሩ ከሌላው ሶኬት ይበላሉ። ከዚህም በሴኮንድ ሃምሳ ወይም መቶ ጊዜ የሚርገበገብ፣ ያለ ማቋረጥ እምም የሚል ወፍራም ድምፅ ከንግግሩ ሥር ይወለዳል። መድኃኒቱ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ሶኬት ማብላትና የድምፁን ሽቦ ከመብራቱ ሽቦ ማራቅ ነው፤ ለዚህ ብልሃት ገንዘብ አያስፈልግም። በ2005 እና በ2006 የቪክቶሪያ ሐይቅ ውሃ በቀነሰ ጊዜ ግን ችግሩ ሌላ መልክ ያዘ፤ መብራት በፈረቃ ሆነና ኪባንዳው በጄነሬተር ይሠራ ጀመር፤ ጄነሬተሩም በረጅም ገመድ ከግድግዳው ውጭ ርቆ ካልተቀመጠ ራሱ ዋናው ተዋናይ ይሆን ነበር።

ከካሴቱ ቀጥሎ ሲዲው መጣ፤ ጉድለቱም አብሮ ልብስ ለወጠ። በ1993 ደንቡ የወጣለት የቪዲዮ ሲዲ ድምፁ ከካሴት የጠራ ነበር፤ ነገር ግን ለእስያ ገበያ ከተዘጋጁት መካከል ብዙዎቹ በአንዱ መስመር ማንዳሪንኛ፣ በሌላው ካንቶንኛ የተቀዳባቸው ነበሩ፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሁለቱንም ስፒከር ከፍቶ አንድ ተዋናይ በሁለት ልሳን ባንድ ጊዜ ሲናገር ይሰማል፤ መሣሪያው አበደ ብሎም ይከፍተዋል። በሽታው የሚድነው በሪሞቱ ላይ ግራ ወይም ቀኝ የሚለውን በመምረጥ ነው። ዲቪዲ ሲመጣ ደግሞ ድምፁ በስድስት ተከፈለ፤ ከ1992 ጀምሮ በሲኒማ ቤቶች የገባው የዶልቢ ዲጂታል ሥርዓት ከፊት ሦስት፣ ከጎን ሁለት፣ ለወፍራሙ ድምፅ አንድ መስመር ሰጥቶ የሰውን ንግግር አብዛኛውን በመካከለኛው መስመር ያኖረዋል። ማጫወቻው በማውጫው ላይ ስድስት ስፒከር አለ ተብሎ የታዘዘ ሲሆን፣ በጀርባው ግን ግራና ቀኙ ብቻ የተሰኩ እንደ ሆነ፣ ፍንዳታውና ሙዚቃው ቤቱን ሲያናውጥ ንግግሩ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ከላይ በሙዬንጋ ቪላ ውስጥ ሆም ቴአትር የተከለው ባለጸጋና ከታች በናሙዎንጎ ባለ ሁለት ስፒከሩ ኪባንዳ ተካፍለውት የኖሩት ቅሬታ ይህ ነው፤ መፍትሔውም ለሁለቱ አንድ ነው፤ ማጫወቻውን ወደ ሁለት መስመር ስቴሪዮ መመለስ፣ ወይም መካከለኛውን ስፒከር ገዝቶ በቦታው መትከል። በናሙዎንጎ ግን ሦስተኛ መንገድ ነበረ፤ ንግግሩ ቢጠፋም ቪጄው አለ።

ከጊዜ በኋላ ቪጄዎቹ የማይኩንና የዴኩን ድምፅ በሚክሰር አዋሕደው በሁለተኛ ዴክ ላይ፣ ኋላም በኮምፒዩተር ይቀዱት ጀመር፤ የተተረጎመውም ቅጂ ቤተ መጻሕፍት በሚመስሉ ትናንሽ ሱቆች በየሰፈሩ ተሸጠ። በዚህም አንድ ቪጄ በአንድ ሌሊት በመቶ ቤት መናገር ቻለ፤ በየኪባንዳው ማይክ ጨብጦ የሚውለው ሰው ግን እንጀራው ጠበበበት። በ2006 የወጣው የኡጋንዳ የቅጂ መብት ሕግም የሥራውን ሌላ ገጽ አሳየ፤ የፊልሙ ባለቤት በሆሊውድ፣ የድምፁ ባለቤት በካምፓላ ሳለ በቅጂው ላይ መብት ያለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ተነሣ። በዚያው ከተማ በዋካሊጋ ሰፈር የሚኖረው አይዛክ ናብዋና በ2010 በእጅግ ጥቂት ገንዘብ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር የሠራው «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የተባለው ፊልም ለዚህ ጥያቄ የማይጠበቅ መልስ ሰጠ። የመብራት መቋረጥና የኮምፒዩተር ማኅደር ጥበት ባስከተለው ችግር የመጀመሪያው ንጹሕ ቅጂ ጠፋ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታየው ቪጄ ኤሚ ከዳር እስከ ዳር የተናገረበት ቅጂ ብቻ ነው። ሐተታው ከመጽሐፉ ተለይቶ ሊነበብ የማይችልበት፣ ተርጓሚውም ደራሲ የሆነበት ጊዜ ይህ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ታሪክ የሩቅ አይደለም። ከናሙዎንጎ በእግር በሚደረስባቸው በካባላጋላና በካንሳንጋ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞች ይኖራሉ፤ ምግብ ቤት ከፍተዋል፤ በዓል ያከብራሉ፤ ኳስና ፊልም በአንድ ስክሪን ፊት ተሰብስበው ያያሉ። በጁላይ 11 ቀን 2010 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲታይ ሳለ በካባላጋላው የኢትዮጵያ መንደር ምግብ ቤትና በኪያዶንዶ የራግቢ ሜዳ በፈነዳው ቦምብ ሰባ አራት ሰዎች መሞታቸውን የከተማው ሕዝብ አይረሳውም፤ ከዚያም በኋላ ሰው በስክሪን ፊት የሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ በበር ላይ የሚፈተሽበት ዘመን ሆነ። በአዲስ አበባም የቪዲዮ ቤት ዘመን አልፎ፣ በ2016 የቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ተክቶ ማሳየት ሲጀምር፣ ሕዝቡ ነገሩን ወዲያው ወደደው። የሁለቱ አገር መንገድ ግን ይለያያል፤ ቃና የውጭውን ተዋናይ ድምፅ አንሥቶ በቦታው ሌላ ያኖራል፤ ቪጄው የመጀመሪያውን ድምፅ ከሥሩ ትቶ በላዩ ይቆማል። አንደኛው መንገድ የተስተካከለ ስቱዲዮ፣ ብዙ ተዋናይና የጠራ የሙዚቃ መስመር ይጠይቃል፤ ሁለተኛው መንገድ የተበላሸውን ድምፅ እንደ ተበላሸ ተቀብሎ ይጀምራል።

ዛሬ ናሙዎንጎ ተለውጧል። በ2014 በሐዲዱ ዳር የነበሩት ቤቶች በመንግሥት ትእዛዝ ፈርሰው ብዙ ሰው ተበትኗል፤ በ2015 መጨረሻም በዚያው ሐዲድ ላይ ከካምፓላ ወደ ናማንቬ የሚሄድ የመንገደኞች ባቡር ሥራ ጀመረ። ኪባንዳዎቹም ከፊልም ይልቅ ወደ አውሮፓ ኳስ አዘነበሉ፤ በዚህም ጉድለቱ እንደገና መልኩን ለወጠ። በሳተላይት የሚመጣው ሥዕልና ድምፅ በማመቅና በመፍታት ጥቂት ሴኮንዶች ስለሚዘገይ፣ በጎረቤት ቤት ያለው ሬዲዮ ጎሉን አስቀድሞ ይጮኻል፤ አዲሱ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥንም ሥዕሉን ሲያቀናብር ይቆይና በሌላ ሽቦ ወደ አምፕሊፋየር የሄደው ድምፅ ከተናጋሪው ከንፈር ይቀድማል። ይህን የሚያስተካክለው በአምፕሊፋየሩ ማውጫ ውስጥ ያለው የድምፅ ማዘግያ ነው፤ ሥራውም በሸክላው ዘመን በተበጠሰው ፊልም መካከል ጥቁር ሥዕል ከቀጠለው ሰው ሥራ አይለይም፤ ሁለቱን የተለያዩ ጓደኞች ማገናኘት ነው።

እንግዲህ ከቩጊሪ ሸክላ እስከ ሙዬንጋ ሆም ቴአትር ድረስ ያለውን መንገድ ጠቅልሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይረዳል፤ መሣሪያ በተለወጠ ቁጥር አሮጌው ጉድለት ይሄዳል፤ በቦታውም ቀድሞ ያልታሰበ ጉድለት ይተካል፤ ከሁሉም ጉድለት በፊት የሚጎዳው ደግሞ የሰው ንግግር ነው። ስለዚህ በቤቱ ሲኒማ የሚተክል ሰው ከነጎድጓዱና ከሙዚቃው አስቀድሞ አንድ ተናጋሪ ብቻውን የሚናገርበትን ቦታ ከፍቶ ቃሉ በየመቀመጫው ይለይ እንደ ሆነ ይመርምር፤ የቀረው በኋላ ይስተካከላል። የፊልም ታሪክ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ቪጄውን ከአስቂኞች ተርታ አውጥቶ ከድምፅ ባለሞያዎች ተርታ ያስቀምጠው፤ የካምፓላ ድሀ ሰፈሮች ፊልም አይተው የተረዱት ከውጭ በመጣው ዕቃ ብርታት ሳይሆን፣ ዕቃው በደከመበት ቦታ ሁሉ ቃሉን ለመስጠት የተዘጋጀ ሞያተኛ በመካከላቸው ስለ ነበረ ነው።